ትንሿ ኤም

ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚልከውን የእንግሊዝኛ ድርሰት ይዞ ቤት ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ እያት» አለኝ። ጋሼ ይለኛል እንጂ አንቱ አይለኝም፤ ዘመኑ ነው፣ አልቀየመውም። ሁለት ገጽ ጽሑፍ ናት። ስለ ተወለደበት ሰፈር ይተርካል፤ በፋሲካ ጎረቤት ከጎረቤት እንዴት እንደሚጠራራ፣ በረመዳን አመሻሽ ላይ የሳምቡሳው ሽታ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እንዴት እንደሚሰበስብ፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑን የተከለው የየትኛው እምነት ሰው እንደሆነ ማንም እንደማይጠይቅ። ደስ ይላል። ታዲያ ዓይኔ ሲያነብ ቀይ እስክሪብቶዬም አብራ ትሄዳለች። ማስተማር ከተውኩ ዓመታት ቢያልፉም ያቺን እስክሪብቶ መተው አልቻልኩም። የዕድር ደብተር እንኳ ሳነብ በእጄ ናት።

ልጁ «ክርስቲያን» የሚለውን ቃል አንዴ በትልቅ፣ አንዴ በትንሽ ፊደል ይጀምረዋል። «ሙስሊም»ን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትንሿ ኤም ነው የጻፈው። «ኦርቶዶክስ» ትንሽ፣ «ካቶሊክ» ትልቅ፣ «ፕሮቴስታንት» ትንሽ። አንድ በአንድ ከበብኩና መለስኩለት። አየት አደረገና ሳቀ።

«ጋሼ ደግሞ! ይሄ እኮ ካፒታል ሌተር ነው። እኔ ሐሳቡን ነው እንድታይልኝ የፈለግሁት። ደግሞስ ማን ይቆጥረዋል?»

«ማን ይቆጥረዋል?» የምትለዋ ጥያቄ አፌን ያዘችው። ለዚህች ጥያቄ መልስ የሰጠችኝ አንዲት ተማሪ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እስቲ ዛሬ ልናገረው።

ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነው። ወጣት መምህር ነበርኩ። የሥነ ጽሑፍ ሰው ብሆንም እንደ ማንኛውም ጀማሪ የአንደኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ኮርስ ተጭኖብኝ ነበር። የአጋማሹን ፈተና አወጣሁ። አንብቦ ለመረዳት የሚሆነውን ምንባብ ከሰው መጽሐፍ ከምገለብጥ ራሴ ልጻፈው አልኩና አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ስለ አንዲት የገበያ ከተማ ነው። ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ቅዳሜ ገበያ ላይ ሲገናኙ፣ በሥጋው ሲለያዩ፣ በቡናው ሲገጣጠሙ የሚያሳይ ነው። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር። መቻቻል የሚባለው ቃል የየስብሰባው ማሳረጊያ ከመሆኑ በፊት እኔ በፈተና ወረቀት አስተማርኩት ብዬ ለራሴ ጨብጨብ አድርጌለታለሁ። በእጄ ጽፌ ለክፍላችን ጸሐፊ ሰጠኋት፤ እሷም ስቴንስል ላይ መታችው፤ ተባዛ፤ የፈተናው ቀን ደረሰ።

ፈተናው በተጀመረ ሃያ ደቂቃ ገደማ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ሻሽ ያሰረች ልጅ እጇን አወጣች። ጠጋ አልኳት።

«መምህር፣ ምንባቡ ላይ የፊደል ስህተት አለ መሰለኝ።»

«ትርጉሙን ያበላሸዋል?»

ትንሽ አሰበች። «አይ፣ ትርጉሙን እንኳ አያበላሸውም።»

«እንግዲያው ዝም ብለሽ ሥሪ።»

ሠራች። ማታ ቤቴ ሆኜ ሳርም የሷ ወረቀት እጄ ገባ። የጥያቄው ወረቀት ከመልሱ ጋር ተያይዞ ነበር የሚሰበሰበው። ምንባቡ ላይ፣ በቀጭን እርሳስ፣ ሦስት ቦታ እርማት አለ። «ሙስሊሞች» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ይገኛል፤ ሦስቱም ቦታ ትንሿ ኤም ተሰርዛ ከበላይዋ ትልቋ ተጽፋለች። «ክርስቲያኖች» የሚለውን አልነካችውም፤ መጀመሪያውኑ በትልቅ ፊደል ነበርና። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ በአንድ «እና» የተያያዙ ሁለት ስሞች፣ አንደኛው ባለ ትልቅ ሌላኛው ባለ ትንሽ ፊደል ሆነው ሦስት ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልጅቷ አልተከራከረችም፣ አላማረረችም፣ ማስታወሻ አልጻፈችም። አስተማሪዋን በእርሳስ አርማ ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ጸሐፊዋ ናት» የሚል ነበር። ቀጥሎ ግን የሌሎቹን ወረቀት ገለጥኩ። ሃምሳ ስምንት ተማሪ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ምንባቡን በራሳችሁ ቃል አሳጥራችሁ ጻፉ የሚል ነበር። አብዛኛው ተማሪ ቃሉን እንዳገኘው ገልብጦታል፤ ትልቁን በትልቅ፣ ትንሹን በትንሽ። ይህ ባልገረመኝ። ያቆመኝ ሌላ ነው። ወረቀቱ አናት ላይ የገዛ ስማቸውንና የአባታቸውን ስም በትልቅ ፊደል አሳምረው የጻፉ የሙስሊም ልጆች፣ ወረድ ብለው ስለ ራሳቸው ወገን ሲጽፉ በትንሿ ኤም ጽፈውታል። ምን ያድርጉ? መምህሩ እንዲህ ከጻፈው ደንቡ እንዲህ ነው ማለት ነዋ! እኔም በቀይ እስክሪብቶ ግሡን ሳርም፣ ነጠላና ብዙውን ሳቃና፣ ያቺን ኤም ከበብ ሳላደርግ ሃያ ወረቀት ያህል አልፌያለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ቃላት በትልቅ ፊደል ጻፍኩና፣ «ባለፈው ፈተና ላይ የታይፕ ስህተት ነበረ፤ አስተካክሉ» አልኳቸው። ክፍሉ ገለበጠ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና እሷም ጻፈች። ተገላገልኩ አልኩ።

ለካ አልተገላገልኩም። ወሬ እግር አለው፤ ጸሐፊዋ ጋ ደረሰ። በሁለተኛው ቀን ቢሮዬ መጣች። በመሳቢያዋ አስቀምጣው የነበረውን የእጅ ጽሑፌን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። «መምህር፣ እኔ የጻፉትን ነው የመታሁት» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። ወረቀቱን አየሁት። የኔው እጅ ነው፤ የኔው ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ። ክርስቲያን ላይ እጄ ሦስቴም አልሳተም፤ ሙስሊም ላይ ሦስቴም ስቷል። አንዴ ቢሆን መዘንጋት ነው። ሦስቴ ሲሆን ግን ልማድ ነው።

አንባቢዬ፣ ሙስሊም የምጠላ ሰው ሆኜ አይደለም። ያደግሁት ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ነው፤ የልጅነቴ የአረፋ ቀን ዛሬም ያምረኛል። ብጠየቅ ሁሉም እኩል ነው ብዬ እምል ነበር፤ ያም ምንባብ የተጻፈው ይህንኑ ለማለት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አፌ እኩል ናቸው ይላል፤ እጄ ደግሞ አንደኛውን ስም፣ ሌላኛውን ዓይነት አድርጎ ያስቀምጣል። «ክርስቲያን» ለእጄ የታወቀ የሰው ስም ነበር። «ሙስሊም» ግን እንደ ገበሬ፣ እንደ ነጋዴ፣ እንደ እረኛ ያለ የወል መጠሪያ ሆኖበት ኖሯል።

እስቲ ወደ እንግሊዝኛው ሕግ እንምጣ። ሕጉ አጭር ነው። የተጸውዖ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ የወል ስም በትንሽ። የሃይማኖት ስምና የተከታዮቹ ስም ከተጸውዖ ወገን ይቆጠራል። ስለዚህ ክርስቲያን፣ ሙስሊም፣ አይሁድ፣ ሂንዱ፣ ቡድሂስት፣ ሲክ ሁሉም በትልቅ ፊደል ናቸው፤ ቅጽል ሆነው ሲያገለግሉም ትልቅነታቸው አይቀርም። አማኝ፣ መነኩሴ፣ ቄስ፣ ኢማም ግን የወል ናቸው፤ በትንሽ ይበቃቸዋል። አንዳንዴም ፊደሏ ራሷ ትርጉም ትቀይራለች። በትልቅ ኦ የተጻፈው ኦርቶዶክስ የቤተ ክርስቲያን ስም ነው፤ በትንሽ ኦ ሲሆን ከተለመደው መንገድ ፈቀቅ የማይል ማለት ነው፤ ሐኪምም ኢኮኖሚስትም ይባልበታል። በትልቅ ሲ ካቶሊክ የሮማው ምእመን ነው፤ በትንሽ ሲ ሲሆን ሁሉን የሚያቅፍ፣ ሁሉ የሚጥመው ማለት ነው። የወንድሜ ልጅ ኦርቶዶክስን በትንሽ ሲጽፍ፣ የሰፈሩን ምእመን በሙሉ ከደጀ ሰላም አውጥቶ ወግ አጥባቂ ኢኮኖሚስት አድርጎት ነበር።

ይህን ስነግረው ልጁ ሞኝ አይደለምና ጠየቀኝ። «ታዲያ ትልቅ ፊደል ክብር ከሆነ፣ በምንም የማያምነውስ? እሱ ለምን በትንሽ ኤ ይጻፋል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም ትልቅ ፊደል ማዕረግ አይደለም የሚል ነው። ሰይጣን በትልቅ ፊደል ይጻፋል። ሂትለርም እንዲሁ። ሰኞም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ ሰኞን የሚያከብር ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። በእግዚአብሔር መኖር የማያምን ሰው በእንግሊዝኛ በትንሽ ፊደል የሚጻፈው ስለተናቀ አይደለም፤ ስሙ የአንድ ማኅበር መጠሪያ ሳይሆን የአቋም መግለጫ በመሆኑ ነው። «አማኝ»ም በትንሽ እንደሚጻፍ አትርሱ። በዚህ ረገድ የሚያምነውና የማያምነው እኩል ናቸው።

ደግሞም ይህ የእንግሊዞች ደንብ እንጂ የዓለም ሕግ አይደለም። ፈረንሳዮች ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በትንሽ ፊደል ይጽፋሉ። አይሁድን በተመለከተ ሃይማኖቱን ሲሉ በትንሽ፣ ሕዝቡን ሲሉ በትልቅ የመጻፍ ልማድ አላቸው። ስፔኖችም የሃይማኖት ተከታይን በትንሽ ይጽፋሉ። ጀርመኖች በተቃራኒው ስም የተባለውን ሁሉ በትልቅ ይጀምራሉ፤ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ የማያምነው፣ ጠረጴዛውና ድመቷ ሁሉም አንድ ማዕረግ ላይ ናቸው። እንግሊዝኛውም ራሱ ሁልጊዜ እንዳሁኑ አልነበረም። የአሜሪካን የ1776 የነጻነት አዋጅ ወይም የ1787ቱን ሕገ መንግሥት (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ያየ ሰው፣ ተራው ስም በብዛት በትልቅ ፊደል ተጀምሮ ያገኘዋል። ፋሽን ነበር፤ አለፈ።

እንኳን በዘመናት መካከል፣ በአንድ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥም ነገሩ አንድ ወጥ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ በትልቅ ቢ ይጻፋል፤ «መጽሐፍ ቅዱሳዊ» የሚለው ቅጽል ግን በአብዛኞቹ የአጻጻፍ መመሪያዎች በትንሽ ቢ ነው። ከቁርኣን የወጣው ቅጽል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ይጻፋል። ታዲያ መጽሐፍ ቅዱስ ተናቀ ብሎ የተቆጣ ጳጳስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። የማይቆጡት ሌላ ቦታ ላይ ስማቸው በሙሉ ክብሩ እንደቆመ ስለሚያውቁ ነው። የማይነካ ሰው ቀለል አድርጎ ያልፋል። የሚቆጥራት ስሟ ብዙ ጊዜ ሲወርድ ያየች ናት።

ለዚህ ነው «ማን ይቆጥረዋል?» ላለው ልጅ የአንድ አሜሪካዊ ታሪክ የነገርኩት። ዱ ቦይስ ይባላል፤ የጥቁሮች መብት ታጋይና ታላቅ ምሁር ነው። በሱ ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን በጨዋ አነጋገር የሚጠሩበት ቃል «ኔግሮ» ነበር፤ ዛሬ ቃሉ ራሱ ተትቷል። የዚያን ጊዜ ጋዜጦችና መጻሕፍት ሌላውን ሕዝብ ሁሉ፣ አይሪሹንም ጣልያኑንም፣ በትልቅ ፊደል እየጻፉ ይህን ግን በትንሿ ኤን ይጽፉት ነበር። ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው የፊላደልፊያ ጥናቱ የግርጌ ማስታወሻ ላይ፣ ሚሊዮኖች ለሆነ ሕዝብ አንድ ትልቅ ፊደል እንደማይበዛበት አስታውቆ ቃሉን በትልቅ ኤን ጻፈው። ከዚያ በኋላ እሱና ባልደረቦቹ ለአሳታሚውና ለጋዜጣው ሲጽፉ፣ ሲወተውቱ ኖሩ። ኒው ዮርክ ታይምስ እጁን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት! ቃሉ «ጥቁር» በሚለው ከተተካ በኋላም ጥያቄው እንደገና ተነሣ፤ አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ሕዝቡን ለማመልከት ሲሆን በትልቅ ቢ እንዲጻፍ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስለ አንዲት ፊደል የታገለ ሕዝብ ሰዋስው ወዶ አይደለም። ከጎኑ የተጻፉት ሁሉ ያላቸውን እሱ ብቻ ስለተነፈገ ነው።

መመዘኛው ትልቅነቱ እንዳልሆነ የሚያሳይ ተቃራኒ ምሳሌም አለ። አይሁድን መጥላት በእንግሊዝኛ «ፀረ ሴማዊነት» ተብሎ ነው የሚጠራው። ድሮ በመካከሉ ሰረዝ ተደርጎ «ሴማዊነት» በትልቅ ኤስ ይጻፍ ነበር። አሶሺየትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2021 ሰረዙን አጥፍቶ፣ ቃሉን አጣብቆ፣ ትልቋን ፊደል አወረዳት። ይህን እንዲሆን ሲጠይቁ የኖሩት ደግሞ የጥላቻው ዒላማ ለሆኑት የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው። ምክንያታቸው «ሴማዊነት» የሚባል፣ ሰው የሚቃወመው ነገር በዓለም ላይ የለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሴማዊ የቋንቋ ቤተሰብ መጠሪያ ነው፤ አማርኛችንም ከዚያው ቤት ነው፤ አይሁድ የሚጠላ ሰው ግን አማርኛን እያሰበ አይጠላም። እንግዲህ እዚህ ላይ ትልቋን ፊደል ማውረድ ክብር ሆነ። ፊደሏ ስትወጣም ስትወርድም ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ ባለቤቶቹ ተጠየቁ ወይስ አልተጠየቁም?

«እኛስ?» ትሉኝ ይሆናል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ አያውቅም። ሀ ንጉሥ ስም ላይም ሀ ናት፣ ሀሞት ላይም ሀ ናት። ዐረብኛውም ዕብራይስጡም እንዲሁ ነው። ይህን እያሰብኩ «ተመስገን፣ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነን» ብዬ የተኩራራሁበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ሰው ማክበርም ማቅለልም የፈለገ እንደሆነ መንገድ አያጣም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ትልቅ ፊደል ባይኖራቸው ቀይ ቀለም ነበራቸው፤ የእመቤታችንን ስም፣ የቅዱሳንን ስም፣ አንዳንዴም መጽሐፉን ያስጻፈውን ሰው ስም በቀይ ይጽፉታል። የነሱ ቀይ ቀለም ለክብር ነው፤ የኔ ቀይ እስክሪብቶ ለስህተት። በንግግር ደግሞ አንተና አንቱ አለን፤ «አለ»ና «አሉ» አለን። ቄሱን «አሉ» ብሎ ሼኩን «አለ» የሚል ጽሑፍ ካነበባችሁ፣ ያቺው ትንሿ ኤም ናት፤ ልብስ ቀይራ መጥታለች።

አባቴ የነገረኝን ልንገራችሁ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በመቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። ሰልፈኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ የተቀላቀሏቸው ክርስቲያኖችም ነበሩ። ለእንዳልካቸው መኮንን መንግሥት የቀረቡት ጥያቄዎች 13 ናቸው። የበዓላት ጥያቄ አለ፣ የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት አለ፣ የመሬት አለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን የሰዋስው ጥያቄ ይመስላል። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባላችን ይቅር፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነው።

እስቲ ሁለቱን አነጻጽሯቸው። ከመጀመሪያው አባባል ውስጥ ስድብ ፈልጉ፤ አታገኙም። ጨዋ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው። ስድቡ ያለው «የሚኖሩ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። እንግዳም ይኖራል። ተከራይም ይኖራል። ኤምባሲ ውስጥ የሚሠራ ፈረንጅም ይኖራል። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ክርስቲያኖች» ይባል ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አይባልም። አንደኛው በስሙ ይጠራል፣ ሌላኛው በአድራሻው። ትልቅና ትንሽ ፊደል በሌለው ቋንቋ ትልቅና ትንሽ ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው።

አባቴ ኦርቶዶክስ ነበር፤ ያን ቀን መንገድ ዳር ቆሞ ሰልፉን አይቷል። «እኔ እኮ እስከዚያች ቀን ድረስ አባባሉ አልቆረቆረኝም ነበር፤ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ» ይል ነበር። እኔ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነኝ። ታሪኩን ግን ሲነግረኝ አድጌያለሁ፤ አውቀዋለሁ፤ ለተማሪዎቼም አውርቼዋለሁ። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ የአባቴ ጆሮ ያልቆረቆረው ነገር የኔን እጅ ሳይቆረቁረው ሦስት ጊዜ አለፈ።

ሌሎቹም ስሞች ተራ በተራ ቢጠሩ ጉዳያችን ብዙ ነው። ላላመነው ሰው የወጣው «አረመኔ» የሚለው ቃል ዛሬ ጨካኝ ማለት ሆኖ ቀርቷል። የእንግሊዝኛው አቻው የመጣበት የላቲን ቃል ደግሞ ባላገር ማለት ነበር፤ የከተማው ሰው የገጠሩን ሰው ስም ወስዶ ለኋላ ቀር እምነት ሰጠው። ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ ራሳቸውን በዚሁ ስም የሚጠሩ ሃይማኖተኞች ስማቸው በትልቅ ፊደል እንዲጻፍ ጠይቀዋል። የኛዎቹ ቤተ እስራኤል «ፈላሻ» የሚለውን ስም አይወዱትም፤ እስራኤል ገብተው በገዛ ስማቸው እንዲጠሩ ጠይቀዋል። «ጴንጤ» የሚለው በመሳለቂያነት ተጀምሮ፣ ዛሬ ራሳቸው ወንጌላውያኑ እየሳቁ የሚጠሩበት አሉ፤ ከውጭ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ድምፁን ያዳምጣሉ። «ክርስቲያን» የሚለውም ቢሆን መጽሐፉ እንደሚለው መጀመሪያ የተሰማው በአንጾኪያ ነው፤ ያወጡላቸውም ሌሎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሃይማኖት ስም ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ሁልጊዜ መልአክ አይደለም።

እንግዲህ የኔ አቋም ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ ስንጽፍ የሃይማኖት ተከታዮች ስም በትልቅ ፊደል ይጀመር፤ የቋንቋው ደንብ ነውና። የዛሬ ወጣት በስልኩ ሁሉንም በትንሽ ልጻፍ ካለ ይጻፍ፤ ክርስቲያኑንም፣ ሙስሊሙንም፣ የገዛ ስሙንም ያውርድና እኩል ያድርጋቸው። አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ያደረገ እንደሆነ ግን፣ አላየሁትም ማለት መልስ አይሆንም። አለማየቱ ነው ጥፋቱ። ክፉ አስቦ የሚያወርድ ሰው ቢያንስ ያወረደውን ሰው አይቶታል።

የወንድሜ ልጅ ድርሰቱን አስተካክሎ ላከ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ያቺ ልጅ በኋላ ምን አለችህ?» አለኝ። ምንም አላለችኝም። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች፤ ዓመቱ አለቀ፤ ክፍል ቀየረች፤ አንድ ሁለቴ ግቢ ውስጥ በሩቁ ሰላም ብላኛለች። «አንተስ ምን አልካት?» አለ። እኔም ምንም አላልኳትም። ለጸሐፊዋም እንዲሁ። ያን የእጅ ጽሑፍ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ፈተና በሰጠኋት ቁጥር «መምህር፣ አንዴ አይተውት ይፈርሙልኝ» ትለኝ ጀመር። ያላየሁትን ላለመምታት ነበር። አላስቀየመኝም፤ ልክ ነበረች። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አፌ ሳይከፈት እሷ ጡረታ ወጣች፣ እኔም ማስተማሩን ተውኩ።

ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም። ከነዚያ ሃምሳ ስምንት ተማሪዎች አንዱ ይህን ጽሑፍ ያነበበው እንደሆነ፣ ደብተሩ ላይ የጻፈውን አንድ ቃል ያርምልኝ። በ1988 ዓ.ም. ሰሌዳው ፊት ቆሜ የታይፕ ስህተት ነው ብዬ ነበር። የታይፕ ስህተት አልነበረም። የኔ ነበር።